የደጋ አዳኝ ጓዝ፤ የመኝታና የመጠለያ ምርጫ ታሪክ

የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚኖርበትን አካባቢ «ሰፈር» ብሎ ሲጠራ የቃሉን ጥንተ ነገር እምብዛም አያስተውለውም። ሰፈር ማለት አስቀድሞ ጓዝ የሚራገፍበት፣ ድንኳን የሚተከልበትና ሠራዊት የሚያድርበት ስፍራ ነው። ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ስም የሚታወቀው ልደታም የሚገኘው ከጦር ሰፈርነት ተነሥታ የከተማነትን መልክ በያዘች መዲና ውስጥ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በሰፈሩበት በእንጦጦ ተራራ ላይ ነፋሱና ብርዱ የጸና፣ ማገዶውም እየራቀ የሚሄድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተራራው በታች በፍል ውሃ አጠገብ ቤት ማሠራታቸው የአዲሲቱ ከተማ መጀመሪያ ሆነ። እንግዲህ በብርድ አገር የት ማደር፣ በምን ላይ መተኛት፣ ምንስ መደረብ ይገባል የሚለው ጥያቄ ለዚህች ከተማ እንግዳ አይደለም።

ጥያቄው ከዚያም የቆየ ነው። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ተዘዋዋሪው ቤተ መንግሥት ባረፈበት ሁሉ ድንኳኖቹ በተወሰነ ሥርዓት ይተከሉ እንደ ነበር ጽፏል። የንጉሡ ድንኳን፣ የቤተ ክርስቲያኑ፣ የማዕድ ቤቱና የገበያው ስፍራ እያንዳንዱ የታወቀ ነበር። ነገር ግን የድንኳን ትልቅነት ማዕርግን እንጂ ሙቀትን አይለካም። ሰፊው ድንኳን ከተኙት ሰዎች ገላ የሚወጣውን ሙቀት ይበትነዋል፤ ጠባቡ ያቆየዋል። ስለዚህ ድንኳን ያልነበረው ጭፍራ ከቅርንጫፍና ከሣር የሚቀልሳት ዝቅተኛ ጎጆ፣ ነፋስ እንዳይገባባት ከተደፈነች፣ ከመኳንንቱ ሸራ ይልቅ ልትሞቅ ትችል ነበር።

ስለ መኝታ ከተነሣ ደግሞ የመንዝ ሕዝብ ዕውቀት ተለይቶ ይጠቀሳል። በዚያ ከፍተኛ ደጋ ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ከዚህም ባናና በርኖስ ይወጣል። ከጓሳ ሣር የሚታታው ገሳ ዝናብን ያንሸራትታል። ከሥር የሚነጠፈው አጎዛ ወይም ቁርበት ደግሞ የመሬቱን ቅዝቃዜ ይከለክላል። ሰውን የሚያሞቀው ልብሱ ራሱ ሳይሆን በልብሱ ክሮች መካከል ተይዞ የሚቀረው አየር ነው። የጥጥ ጋቢ ሲርስ ክሮቹ ተጣብቀው ይህን አየር ያጣሉ፤ የበግ ጠጉር ግን እርጥበት ከጠጣ በኋላ እንኳ ሙቀቱን በአመዛኙ አይለቅም። የመንዝ እረኛ ይህን በሳይንስ ቋንቋ ባይናገረውም በባናው ሠርቶ አሳይቷል።

የቀደሙት መኳንንት ዝሆንና ጎሽ ፍለጋ የሚወርዱት ወደ ቆላ ስለ ነበር፣ የሚፈሩት ወባን እንጂ ውርጭን አልነበረም። ብርዱ የሚበረታው በስሜን ዋልያን፣ በባሌና በአርሲ የደጋ አጋዘንን በሚከተለው አዳኝ ላይ ነበር። ዋልያ ዛሬ በሕግ የተጠበቀ ነው። የደጋ አጋዘን ለዓለም ሳይንስ የታወቀው፣ አይቨር በክስተን የተባለው እንግሊዛዊ አዳኝ ያገኘውን ናሙና መሠረት አድርጎ ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 እ.ኤ.አ. ስም ካወጣለት ወዲህ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመከፈቱ በፊት በአየር የሚመጣው የውጭ አገር እንግዳ የሚያርፈው በልደታ ሜዳ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ ሳነቴ አምባ የሚወጣ ሰው ከ1,600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይጓዛል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከአዲስ አበባው ብርድ 10 ዲግሪ ያህል የሚብስ ብርድ ይጠብቀዋል። ሰማዩ በጠራበት የበጋ ሌሊት ውርጩ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ለዚህ ሌሊት የሚሰናዳ ጓዝ በተራ ይመረጣል። መጀመሪያ የሚታሰበው ከሥር የሚነጠፈው ነው፤ የቱንም ያህል ወፍራም የመኝታ ከረጢት ቢሆን በገላ ክብደት የተጨፈለቀው ክፍሉ አየር ስለማይዝ አያሞቅምና። ሁለተኛው ድርቀት ነው፤ በወፍ ላባ የተሞላ ከረጢት ቀላልና እጅግ ሞቃት ቢሆንም ከራሰ ጥቅሙ ይጠፋል። ሦስተኛው ቦታ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወደ ሸለቆው ግርጌ ይወርዳል፤ ጫፉን ደግሞ ነፋስ ይገርፈዋል። ስለዚህ ድንኳን በገመገሙ ወገብ፣ ከነፋስ በተከለለ ስፍራ ይተከላል።

እሳት ለዚህ ሁሉ ምትክ ሊሆን አይችልም። በባሌ ከፍታ ለማገዶ የሚቆረጠው አስታ የደጋ አጋዘኑ መሸሸጊያ ነው፤ አስታውን የሚያነድ አዳኝ ያደን ዘንድ የመጣበትን አውሬ ማደሪያ ያሳጣል። የእንጦጦ ሰፈር ደኑን አንድዶ ከጨረሰ በኋላ መዲናይቱን ከማገዶ ችግር ያወጣት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነበር። በሳነቴ ግን አስታን የሚተካ ዛፍ የለም።

ከሁሉ በላይ ጓዙ ሲቆጠር የሚቆጠረው የአዳኙ መኝታ ብቻ መሆን የለበትም። ዱካ የሚመራው፣ ፈረስ የሚጠብቀውና ወጥ የሚሠራው ሰው የሚያድረው በዚያው ውርጭ ውስጥ ነው። በቀድሞው ሰፈር ድንኳኑ በማዕርግ ይደለደል ነበር፤ ብርዱ ግን ማዕርግ አይለይም። ለመሪው አንድ ባናና አንድ አጎዛ ሳይጭን የሚነሣ ጓዝ፣ በቅሎው ምንም ያህል ቢከብዳት፣ ገና ያልተሟላ ጓዝ ነው።