ውሃ አጠር የግቢ ጉድጓድና የዲናሞ ተከላው (ጅማና አካባቢዋ)

ውሃ አጠር የሚባለው የግቢ ጉድጓድ ከተቀዳ በኋላ መልሶ ለመሙላት ረጅም ሰዓት የሚፈጅ ጉድጓድ ነው። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በየቡ የቧንቧ ውሃ ሲቆራረጥ ቤተሰብ የሚተማመንበት በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ይመደባል። ለእንዲህ ያለ ጉድጓድ ዲናሞ የሚመረጠው በጋ ላይ በሚሰጠው ውሃ ልክ ነው።

በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚጥልበት አገር ጉድጓድ ውሃ ማጠሩ ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ያለው መሬቱ ላይ ነው። የአካባቢው ጥልቅ ቀይ አፈር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለረጅም ዘመን በስብሶ የፈጠረው ሸክላማ አፈር በመሆኑ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ የያዘውን ግን ቶሎ አይለቅም። ቡናው በዚህ ይጠቀማል፣ ሥሩ በበጋም እርጥበት አያጣምና። ጉድጓድ ውስጥ ግን ውሃው ከግድግዳው እያዠ ነው የሚጠራቀመው። በቡና ለቀማ ወራት፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሞልቶ የታየ ጉድጓድ የካቲትና መጋቢት ላይ ጭቃ ሊያወጣ ይችላል። ከቡና ሽያጭ ባገኘው ገንዘብ በለቀማው ሰሞን ዲናሞ የሚገዛ ሰው የሚለካው የጠገበ ጉድጓድ ስለሆነ ይሳሳታል። ልኬቱን እስከ መጋቢት ማቆየት ይሻላል።

ለልኬቱ ገመድ፣ ባልዲና ሰዓት ይበቃሉ። የአፉ ስፋት 1 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ በእያንዳንዱ ሜትር የውሃ ቁመት 785 ሊትር ይይዛል። ውሃው ወደ ታች ተቀድቶ በአንድ ሰዓት 20 ሳንቲ ሜትር ከተመለሰ ጉድጓዱ በሰዓት 157 ሊትር ያመነጫል ማለት ነው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ለእያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢመደብለት ፍላጎቱ 300 ሊትር ነውና የሁለት ሰዓት ምንጭ ይሸፍነዋል። በደቂቃ 30 ሊትር የሚስብ ዲናሞ ግን ያንን የአንድ ሰዓት ምንጭ በ5 ደቂቃ ያሟጥጠዋል። የውሃ አጠር ጉድጓድ ችግር ሁሉ በዚህ ስሌት ውስጥ አለ፤ የቀኑ ውሃ በቂ ነው፣ የሰዓቱ ግን አይበቃም።

መፍትሔው ትንሽ ዲናሞና ትልቅ ሮቶ ነው። ከ15 ሜትር ጥልቀት 5 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ሮቶ በደቂቃ 20 ሊትር ለማውጣት ውሃው ራሱ የሚጠይቀው ኃይል 65 ዋት ገደማ ነው። የሞተሩና የፓምፑ ብክነት ቢጨመርም ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 370 ዋት ገደማ፣ ይበቃል። ባለ 1,000 ወይም ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሌሊቱን በየተወሰነ ሰዓት ጥቂት ጥቂት እየተቀዳለት ይሞላል፤ መብራት በጠፋ ቀንም ቤቱን ያቆያል። ለትልቅ ሞተር የሚወጣው ገንዘብ ለሮቶው ቢውል ይሻላል።

ላይ የሚቀመጥ ሳቢ ዲናሞ በርካሽነቱ ይመረጣል፤ ነገር ግን ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሣል፤ ከ1,700 ሜትር በላይ በሆነችው ጅማ ግን ወደ 8.4 ሜትር ይወርዳል፤ በቧንቧው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስም ከ6 ሜትር በላይ መተማመን አያዋጣም። የበጋው ውሃ ከዚያ በታች ከወረደ የሚያስፈልገው ውሃ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ነው። እሱም ደለል እንዳይስብ ከጉድጓዱ ወለል ትንሽ ከፍ ተደርጎ በጠንካራ ገመድ ይንጠለጠላል፤ በኤሌክትሪክ ሽቦው ማንጠልጠል ሽቦውን ይበጥሳል።

ፓምፕ ውሃ በሌለበት ከዞረ በራሱ ሙቀት ይቃጠላል። ስለዚህ ውሃው ሲወርድ የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ የግድ ያስፈልጋል። ውሃ መውጫው ላይ የሚገባ ጌት ቫልቭ ፍሰቱን ለመቀነስ ይረዳል። የቮልቴጅ መዋዠቅ ባለበት ሰፈር መከላከያ መግጠም፣ እንዲሁም የመሬት ሽቦ መቅበር ከእቅዱ አይቀርም።

በቤንዚን የሚሠራ ሳቢ ፓምፕ ውሃው ላይ አልደርስ ሲል ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ገዳይ ነው። ከጭሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሞተሩን ተከትሎ የገባውንም፣ ሊያድነው የሚወርደውንም ይገድላል።

ጉድጓዱ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር፣ ከቡና ማጠቢያ ሳይት ፍሳሽ ደግሞ በተቻለ መጠን ሊርቅ ይገባል። ዲናሞ ውሃ ያወጣል እንጂ አያጣራም፤ ስለዚህ የሚጠጣው ይፈላል ወይም በክሎሪን ይታከማል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 በእጅ ጉድጓድ ለመቆፈርና ከእሱ ለመጠቀም ፈቃድ አይጠይቅም። በማሽን የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ግን ያለ ፈቃድ ከሚፈቀዱት ሥራዎች መካከል የለም።