ትራንዚስተር የሚያበራቸው አኃዞች
የቁጥር ማሳያ ሰሌዳ ከነትራንዚስተሮቹ

እያንዳንዱ አኃዝ ሰባት የብርሃን ዘንጎች (ኤልኢዲዎች) አሉት። አንዱ ዘንግ 20 ሚሊ አምፒር ቢፈልግ፣ 8 ቁጥር ሲበራ 140 ይደርሳል፤ ይህን አንድ የማይክሮቺፕ እግር አይችለውም። ስለዚህ ቺፑ ጥቂት ሚሊ አምፒር ብቻ ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ (መቆጣጠሪያ እግር) ይልካል። ትራንዚስተሩም እንደ ቤት ማብሪያ ማጥፊያ ትልቁን ጅረት ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የሚንቀሳቀስ አካል ግን የለውም። ልብ ይበሉ፦ አኃዞቹ የሚበሩት በየተራ ነው። ከዓይናችን ስለሚፈጥኑ ሁሉም አንድ ላይ የበሩ ይመስሉናል።

ሁለቱም ፈጠራዎች፣ ትራንዚስተርና ኤልኢዲ፣ በስቶክሆልም የኮንሰርት አዳራሽ የኖቤል ሽልማት አስገኝተዋል። በ1956 እ.ኤ.አ. ሾክሊ፣ ባርዲንና ብራታን ስለ ትራንዚስተር፣ በ2014 አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ ስለ ሰማያዊ ኤልኢዲ ተሸለሙ። ቀዩና አረንጓዴው ቀድመው ነበሩ፤ ለአሥርተ ዓመታት ያስቸገረው ሰማያዊው ነበር።