የጨፋ ሣር በማን ስም ይመዝገብ?

መሬት የማን ይሁን ስንባል ሁለት መልስ ብቻ ያለ ይመስለናል፤ የግል ወይም የመንግሥት። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ሜዳ ግን ለሁለቱም አይመችም። ቦርከና የሚያጠጣው ረግረግ ስለሆነ በበጋ ከአፋር በኩል ሳይቀር ከብት ይነዳበታል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ጭሰኛውን ከባለርስት ነጻ አወጣው። ትልቅ ነገር ነው። ግን ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም ሲል፣ ስሌቱ የአራሽ ስሌት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት አይሸጥም አለ፤ አርብቶ አደሩ ከግጦሹ እንዳይፈናቀልም ጻፈ። ክልሉ በ1990ዎቹ መስጠት የጀመረው የይዞታ ደብተር ደግሞ የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። ለእኔ ከአዋጆቹ ሁሉ ይሄ ይበልጣል፤ ሴትዮዋ ብትፋታ የምታሳየው ወረቀት አላት።

ሜዳውስ? እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝና በሰንጠረዥ አስባለሁ፦ "ባለይዞታ" የሚል ዓምድ እናውቃለን፣ "በበጋ መጥቶ የሚሄድ" የሚል ግን የለንም። በቀበሌ ስም ቢመዘገብ እንኳ ከሩቅ የሚመጣው እረኛ ውጪ ይቀራል። ተሸንሽኖ ለግለሰብ ይሰጥ ካልንማ፣ በድርቅ ዓመት የሚያልቀው የእሱ ከብት ነው። ለማሳው ደብተር፣ ለሜዳው ወቅትን የሚያውቅ የጋራ ውል ቢሆን እመርጣለሁ፤ ያን ውል ግን ከሚሴ ብቻዋን ልትፈርመው አትችልም።