ተስፋዬ ገሠሠ፦ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት

ተስፋዬ ገሠሠ በ1929 ዓ.ም. በሐረርጌ ጎሮ ጉቱ ተወለዱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲማሩ በመድረክ ላይ ያሳዩት ችሎታ ቴአትር ለማጥናት አሜሪካ፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አደረሳቸው። ሲመለሱ ሦስቱን ሥራ፣ መተወንን፣ ማዘጋጀትንና መጻፍን፣ አጣምረው ያዙ።

«የሺ» በተባለው ተውኔታቸው የሴተኛ አዳሪን ኑሮ መድረክ ላይ አወጡ። የቤተ መንግሥትና የታሪክ ተውኔት በሚበዛበት ዘመን የተራውን ሰው ሕይወት ዋና ጉዳይ ማድረግ አዲስ ነበር። «ላቀችና ማሰሮዋ»ም ከዚያው ጎራ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የደረሱት «ዕቃው» ግን በምሳሌያዊ አቀራረቡ ወታደራዊውን መንግሥት፣ ደርግን፣ ስለ ነካ ለእስር ዳረጋቸው።

ተስፋዬ የሀገር ፍቅርንና የብሔራዊ ቴአትርን መርተዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎችን አፍርተዋል። ያረፉት በ2013 ዓ.ም. ነው።