አንድ ጎበዝ ብቻውን የማያሸንፍበት ውድድር

ሎሪንበርግ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ከደቡብ ካሮላይና ወሰን ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 በኖቬምበር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሁለቱ ካሮላይናዎች የተውጣጡ የ15 ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በከተማዋ ወደነበረው ሴንት አንድሪውስ ፕሬስቢቴሪያን ኮሌጅ መጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡን ያፈለቁት ዶናልድ ባርንስ እና ዴቪድ ዌትሞር የተባሉ ሁለት ምሁራን ሲሆኑ፣ ለተማሪዎቹ ያሰናዱላቸው ሙሉ ቀን የሚፈጅ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ውሎ ነበር።

ቀኑ በአራት ክፍለ ጊዜ ተከፈለ። በየክፍለ ጊዜው አንድ ጨዋታ፣ አንድ ትርኢት፣ አንድ ደግሞ የዕውቀት ፈተና ነበረ። ጨዋታው የወረቀት አውሮፕላን ማብረርን የመሰለ ነው። ትርኢቱ መስታወት በእሳት ሲለሰልስና በትንፋሽ ሲነፋ ቅርጽ እንዴት እንደሚይዝ ወይም ሆሎግራፊ (በሌዘር ብርሃን ባለሦስት ገጽታ ምስል መፍጠር) እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ፈተናው ስለ ፔሪዮዲክ ቴብል የሚቀርብ ጥያቄና መልስን ይጨምራል። ተማሪው በአንድ ቀን ውስጥ ይስቃል፣ ይደነቃል፣ ይፈተናል። ዛሬ በመላው አሜሪካ ሳይንስ ኦሊምፒያድ በሚል ስም የሚታወቀው የተማሪዎች የቡድን ውድድር መነሻው ይህ ውሎ ነው።

ከዚያ በፊትም አሜሪካ የሳይንስ ውድድር አላጣችም። ታዋቂው የዌስቲንግሃውስ የሳይንስ ተሰጥኦ ፍለጋ ከ1942 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የተማሪዎች የሳይንስ ዐውደ ርእይም በ1950 በፊላደልፊያ ተከፍቷል። ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክ የተባለውን ሳተላይት ስታመጥቅ የአሜሪካ ኮንግረስ ደንግጦ በማግስቱ ዓመት የብሔራዊ መከላከያ የትምህርት ሕግን አወጣ፤ ለሳይንስና ለሒሳብ ትምህርትም ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። እነዚያ ቀደምት መድረኮች ግን በዋናነት የሚፈልጉት አንድን ልዩ ልጅ ነበር። ልጁ ለወራት የለፋበትን ጥናት ይዞ ይቀርባል፣ ዳኞች ያዩታል፣ ሽልማቱም የእሱ ይሆናል። በአንጻሩ በዚያው ትምህርት ቤት ያለው የእግር ኳስ ወይም የቅርጫት ኳስ ቡድን ማሊያ ለብሶ፣ አሠልጣኝ ይዞ፣ በጓደኞቹ ጩኸት ታጅቦ ይጫወታል። የሳይንስ ኦሊምፒያድ መሥራቾች ይህን የስፖርት ወግ ወደ ቤተ ሙከራ አስገቡት።

ከመምህር ወደ መምህር

ውድድሩን ከግዛት ወደ ግዛት ያሻገሩት መምህራን ናቸው። ጆን ኬርንስ በደላዌር ግዛት፣ በዶቨር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። በፔንሲልቬኒያ ግዛት ስለተካሄደ የሳይንስ ኦሊምፒያድ ውድድር ሰሙ። የሰሙትን ለደላዌር የሳይንስ ትምህርት ኃላፊ ለዳግላስ ማክቤዝ ነገሯቸው። አዘጋጅ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኬርንስም አባል ሆኑ፤ በ1977 ጸደይ ደላዌር የራሷን ውድድር አካሄደች።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የአሜሪካ የሳይንስ መምህራን ማኅበር መጽሔት ስለ ደላዌሩ ውድድር ጻፈ። ዌትሞርም በጃንዋሪ 1978 በኬሚስትሪ ትምህርት ጆርናል ላይ የሴንት አንድሪውስን ልምድ ለባልደረቦቻቸው አካፈሉ። የማኅበሩን መጽሔት ካነበቡት መካከል በሚሺጋን የነበሩት ጄራርድ ፑትዝ ይገኙበታል። ፑትዝ ሐሳቡ ወደ ግዛታቸው ይመጣ ዘንድ ማክቤዝን ጠየቁ። ከዚያም ከሻሮን ፑትዝ ጋር ሆነው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን ውድድሩን ተከሉ።

በ1984 ቦስተን ላይ ሐሳቡ ለዚያው የሳይንስ መምህራን ማኅበር ቀረበ። 17 ግዛቶች ተመዘገቡ። በ1985 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሳይንስ ኦሊምፒያድ ተካሄደ። ከሎሪንበርጉ ቅዳሜ እስከዚያ ያለው ጉዞ 11 ዓመት አልሞላም። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ መምህር ያወቀውን ለሌላው መንገሩና የሰማውም ተነስቶ መሥራቱ ነው ውድድሩን ያስፋፋው።

የሕጉ ጥበብ

የዚህ ውድድር ትልቁ ቁም ነገር ያለው ሕጉ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ትምህርት ቤት የሚያሰልፈው ቡድን ቢበዛ 15 ተማሪ አለው። ከፊቱ የሚጠብቁት የውድድር ዘርፎች 23 ናቸው፤ የሰውነት አካላት ጥናት፣ ሥነ ፈለክ፣ ቅሪተ አካላት፣ የወንጀል ምርመራ ኬሚስትሪ፣ ምስጢራዊ ጽሑፍ መፍታት፣ አውሮፕላንና ድልድይ መሥራት፣ ሌሎችም። አብዛኞቹ ዘርፎች ሁለት ሁለት ተማሪ ይፈልጋሉ። በርካቶቹ በአንድ ሰዓት ስለሚካሄዱ፣ የቱንም ያህል ብሩህ የሆነ ልጅ ሁሉም ቦታ ሊገኝ አይችልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ እንደሚባለው ነው።

የነጥብ አያያዙ ደግሞ ይህንን ያጠብቀዋል። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ፣ አምስተኛ የወጣ 5 ነጥብ ያገኛል፤ በመጨረሻ ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። እናስላው። አንድ ቡድን በ20 ዘርፎች አንደኛ ወጥቶ በቀሩት ሦስቱ 40ኛ ቢሆን ድምሩ 140 ይሆናል። ሌላው አንድም ጊዜ አንደኛ ሳይወጣ በ23ቱም አምስተኛ ቢሆን ድምሩ 115 ነው። ዋንጫው የሁለተኛው ነው። በአንድ ዘርፍ ጨርሶ ያልቀረበ ቡድን ደግሞ መጨረሻ ከወጣው የባሰ ነጥብ ይያዝበታል። ስለዚህ ጎበዙ ልጅ የደከመውን ጓደኛውን ማስጠናት የራሱ ጥቅም ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ከ15ቱ ውስጥ ከሰባት መብለጥ አይችሉም። ታላላቆቹ ታናናሾቹን ካላበቁ ቡድኑ አይቆምም።

ዘርፎቹ ምን ይመስላሉ?

በጣም ከሚወደዱት አንዱ ጽሕፈትንና ሥራን ያጣምራል። አንደኛው ተማሪ ከስንጥር፣ ከመጠጫ ቀሰም፣ ከወረቀትና ከመሳሰሉት የተሠራ ውስብስብ ነገር ይቀርብለታል። በ25 ደቂቃ ውስጥ ያንን ነገር በጽሑፍ ብቻ ይገልጻል፤ ሥዕል መሣል አይፈቀድለትም። ጓደኛው ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ ጽሑፉንና ቁሳቁሱን ይቀበላል። ዋናውን ሳያይ በ20 ደቂቃ ውስጥ መልሶ መሥራት አለበት። «በስተቀኝ» ተብሎ ከየት በኩል ሲታይ እንደሆነ ያልተነገረ አንድ መስመር ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ሳይንስ ያገኙትን ለሌላ ሰው በትክክል ማስተላለፍ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር የክፍል ልምምድ አላውቅም።

የግንባታው ዘርፍ ከዓመት ዓመት መልኩን ይቀይራል፤ አንዳንዴ ድልድይ፣ አንዳንዴ ማማ ይሆናል። ተማሪዎች ከስስ እንጨትና ከሙጫ አንድ አካል ይሠራሉ። ባልዲ ይንጠለጠልበትና አሸዋ ቀስ እያለ ይፈስበታል። የሚለካው የተሸከመው ክብደት ለራሱ ክብደት ሲካፈል ነው፤ የጭነቱም ጣሪያ 15 ኪሎ ግራም ነው። 10 ግራም የሚመዝን ሥራ ሙሉውን ጭነት ቢችል የራሱን ክብደት 1,500 እጥፍ ተሸከመ ማለት ነው። ተማሪው ኃይል በየትኛው እንጨት እንደሚወርድ፣ የቱ እንደሚጨመቅ፣ የቱ እንደሚወጠር ካልገባው ክብደት ሳይጨምር ጥንካሬ ሊያገኝ አይችልም።

ሌላው በአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚደገፈው የበሽታ ምርመራ ዘርፍ ነው። ተማሪዎች አንድ ታሪክ ይሰጣቸዋል፤ ለምሳሌ ሠርግ ላይ ከበሉት እንግዶች ብዙዎቹ ታመሙ ይባላል። ሰላጣ ከበሉት ስንቱ ታመመ? ካልበሉትስ? ሁለቱን ያነጻጽራሉ፣ ምንጩን ይጠረጥራሉ፣ ጥርጣሬያቸውን በቁጥር ይፈትሻሉ፣ መከላከያውንም ያቀርባሉ። ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854 ለንደን ውስጥ የኮሌራን ምንጭ እስከ ብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ ድረስ የተከታተለበት መንገድ ይኸው ነበር።

ወረርሽኙ በራቸውን ሲያንኳኳ

የ2020ው አገር አቀፍ ውድድር በሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊካሄድ ታቅዶ ነበር፤ ሐሳቡ በተወለደበት ግዛት ማለት ነው። የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ተሰረዘ። ስለ መተላለፊያ መንገድና ስለ ኳራንቲን ሲያጠኑ የከረሙ ልጆች ያጠኑት ነገር ራሱ መድረካቸውን ዘጋባቸው። በ2021 በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በ2022 ደግሞ በካልቴክ አዘጋጅነት ውድድሩ በኢንተርኔት ተካሄደ። ፈተናን በኮምፒውተር መፈተን ይቻላል፤ ድልድይ ላይ አሸዋ ማፍሰስ ግን በአካል መገናኘትን ይጠይቃል። ቡድኖቹ በ2023 በካንሳስ፣ በዊቺታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዳግም ፊት ለፊት ተገናኙ።

ውድድሩ ጉድለት የለበትም አልልም። የኦሃዮውን ሶሎንና የካሊፎርኒያውን ትሮይ የመሰሉ ትምህርት ቤቶች ስም በአሸናፊዎች ዝርዝር ደጋግሞ ይነበባል። በቂ መሣሪያ፣ ጊዜ ያላቸው አሠልጣኞችና የተማሩ ወላጆች ያሉበት ትምህርት ቤት ከሌለበት ይቀድማል፤ የነጥብ ሕጉም ይህንን ልዩነት አያጠፋውም። የሚያጽናናው ነገር የቀድሞ ተወዳዳሪዎች መመለሳቸው ነው። እንደ ኤምአይቲ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ትናንት የተወዳደሩ ተማሪዎች ዛሬ የትምህርት ቤት ቡድኖች የሚጋበዙበት ውድድር ያዘጋጃሉ፣ ፈተና ያወጣሉ፣ ይዳኛሉ።

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሚኒሶታ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወላጆች አሉ፤ ውድድሩም በእነዚህ ግዛቶች ሁሉ ይካሄዳል። የልጃቸው ትምህርት ቤት ቡድን እንዳለው ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ከሌለው ደግሞ ከመምህራኑ ጋር ሆነው ሊያስጀምሩ ይችላሉ። በአገር ቤትም ጥያቄና መልስ ውድድር በየትምህርት ቤታችን የቆየ ወግ ነው። በዚያ መድረክ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምናጨበጭበው ለአንድ ልጅ ነው፤ ዘጠና ዘጠኙ ተማሪ ተመልካች ሆኖ ይመለሳል። ወረቀት፣ ስንጥር፣ ሙጫና አሸዋ በሁሉም ቦታ ይገኛሉ። በእጁ የሚሠራውን፣ በቃል የሚገልጸውንና በቁጥር የሚያስበውን ልጅ እኩል የሚያስፈልጉ የአንድ ቡድን አባላት የሚያደርግ ሕግ ለማውጣት የመምህራን ፈቃድ በቂ ነው። የዚህ ውድድር ታሪክ የሚመሰክረውም ይህንኑ ነው።