የመካከል መራጭ

በአዊ ዞን በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ማሳው ላይ ዲከረንስ የተባለ ዛፍ የተከለ ገበሬ እናስብ። ዛፉ ለከሰል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያ መሬቱ ከእጁ እንዳይወጣ ይሻል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደውን የመሬት ሽግሽግ ካስታወሰ ስጋቱ ይብሳል። መሬት እንደ በሬ ገበያ ወጥቶ ይሸጥ ቢሉት ደግሞ ያም አይዋጥለትም።

የፖለቲካ ሳይንስ ሰዎች ሚዲያን ቮተር የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ በአማርኛ «የመካከል መራጭ» ብንለው ያስኬዳል። መራጩ ሁሉ ከአንዱ ጽንፍ እስከ ሌላው እንደ አቋሙ ቢሰለፍ፣ ከግራውም ከቀኙም እኩል ሰው ያለበት እሱ ነው። ሁለት ዕጩዎች ሲፎካከሩ እሱን ያልያዘ አያሸንፍምና ሁለቱም ንግግራቸውን እያለዘቡ ወደ እሱ ይጠጋሉ። ሃሮልድ ሆቴሊንግ እ.ኤ.አ. በ1929 የሱቆችን አቀማመጥ ሲያጠና የነካውን ሐሳብ ዱንካን ብላክ በ1948 ለድምፅ አሰጣጥ፣ አንቶኒ ዳውንስ በ1957 ለፓርቲዎች አዋሉት። የብሪታንያው ቶኒ ብሌርም እ.ኤ.አ. በ1995 የሌበር ፓርቲን የሕዝብ ባለቤትነት አንቀጽ ካስለወጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ምርጫ አሸነፈ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የመሬት የግል ባለቤትነትን ይዞ ቀረበ። ገዥው ኢሕአዴግ መሬት አይሸጥም አይለወጥም የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ሙጥኝ አለ። ከሁለት ወር በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 456/1997 ሽያጩን እንደከለከለ ማከራየትንና ማውረስን ፈቅዶ የይዞታ ደብተርን በሕግ አጸና። ለዘንገናው ገበሬ ይህ መሃል መንገድ ነው። የምርጫው ግፊት ያመጣው ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ የአማራ ክልል ደብተር መስጠት የጀመረው ከምርጫው ቀደም ብሎ ነው።

ንድፈ ሐሳቡ የሚያነክሰው ሰልፉ አንድ ብቻ ሳይሆን ሲቀር ነው። ዘንገና ክብ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻውን ዞሮ «መሃሉ ይኸው» የሚል የለም። የእኛም ክርክር ከመሬት ሌላ የማንነትና ራስን የማስተዳደር ጥያቄ አለበት። አዊ በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ ምክር ቤት ያለው የብሔረሰብ ዞን ነው፤ ሁለት ጎረቤታሞች በመሬት ጉዳይ አንድ ሆነው ልጆች በአውንጊ ቋንቋ እስከ ስንተኛ ክፍል ይማሩ በሚለው ሊለያዩ ይችላሉ። ለአንዱ ጥያቄ መሃል የሆነው ሰው ለሌላው ጠርዝ ላይ ይገኛል፤ ዕጩው የቱን ይከተል? ብዙ ከለዘበ ደግሞ የገዛ ደጋፊው በምርጫው ቀን እቤቱ ይውላል።

ከሁሉ በላይ ወደ መሃል የሚገፋው የሽንፈት ፍርሃት ነው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ግን ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ጠቅልለው ያዙ፤ እንዲህ ሲሆን ወደ መሃል የሚገፋ ፍርሃት ከየት ይመጣል?