ምስለ መስኮት በድሬዳዋ ቤት፦ ስለ ስክሪን መጠን አመራረጥ የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

«ለሳሎናችን ስንት ኢንች ይበቃናል?» የሚለው ጥያቄ በድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ የሚሰማ ነው። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስም አጭር ነው፤ ኪስ የፈቀደውን ያህል ትልቁን መውሰድ። ይሁን እንጂ የዚህች ከተማ ቤቶች ታሪክ ሲመረመር የመስኮቱን መጠን የወሰነው ኪስ ብቻ አልነበረም። የተመልካቹ ብዛት፣ የመቀመጫው ከፍታ፣ የሙቀቱ ጽናት፣ ዕቃው የተጓጓዘበት መንገድ፣ አልፎ ተርፎም የዕቃ ማስቀመጫው ስፋት የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ዛሬ ደግሞ በድምፅ የሚታዘዘውና ስማርት ዲስፕሌይ የሚባለው የቤት መሣሪያ ከ5 ኢንች ተኩል ጀምሮ እስከ 21 ኢንች ባለው መጠን ስለሚሠራ፣ ያው የቆየ ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመልሶ መጥቷል። ቤት የሚነድፍና የኤሌክትሪክ መሥመር የሚዘረጋ የሙያ ባልደረባ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ይመስለናል።

በመጀመሪያ ኢንች የሚባለው መለኪያ ራሱ ከየት እንደ መጣ መመልከት ይጠቅማል። የጥንቶቹ የቴሌቪዥን መስተዋቶች ክብ ስለ ነበሩ የሚለኩት እንደ ሰሐን ከዳር እስከ ዳር ነበር። መስተዋቱ አራት ማዕዘን እየሆነ ሲሄድ ልማዱ ቀረና ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ሰያፍ ርቀት የክቡን ቦታ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1946 አር.ሲ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የታወቀ ቴሌቪዥን 10 ኢንች ብቻ ነበር። ሰያፍ መለኪያ ለሻጭ የተመቸ፣ ለገዢ ግን አሳሳች ነው። የቀድሞው 21 ኢንች መስተዋት የወርዱና የቁመቱ ንጽጽር 4 ለ3 ስለ ነበር ቁመቱ 32 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። የዛሬው 21 ኢንች መስኮት ግን ንጽጽሩ 16 ለ9 በመሆኑ ቁመቱ ከ26 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የገጹ ስፋትም በአንድ ዘጠነኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ «አባቴ ቤት 21 ነበረ፤ እኔም 21 ገዛሁ» የሚል ሰው ከአባቱ ያነሰ መስኮት ገዝቷል ማለት ነው።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድና ተራራ የሚጋርደው ስለ ሆነ፣ ወደ ምሥራቅ ለመድረስ በየከፍታው የቅብብሎሽ ጣቢያ መትከል ግድ ነበር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሐረር ተራሮች ሥር የተዘረጋች ናት። ወደ ሐረር የሚወስደው ዳገት ለሐዲድ እጅግ ስለ ከበደ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ሲቆም የተቆረቆረች ከተማ ናትና፣ ተራራው ለሐዲዱም ለሞገዱም ዕንቅፋት መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። ሞገዱ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረባት፤ ሣጥኑን ግን ባቡሩ ያመጣላታል። ከወደብ የሚመጣ ዕቃ አዲስ አበባ ሳይደርስ የሚያርፍባት ከተማ በመሆንዋ የድሬዳዋ ሰው ራዲዮኑንም፣ ቴፑንም፣ ቴሌቪዥኑንም ከሌላው አገር ሰው ቀድሞ የመዳሰስ ዕድል ነበረው። የታይዋን ገበያ ስምም ዕቃው ከየት እንደ ተሠራ የሚመሰክር ነው።

እዚህ ላይ ስለ መጠን አንድ ነገር መገመት ይቻላል። የድሮው ባለ 14 ኢንች ሣጥን 10 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ባለ 21 ኢንቹ ግን የዚያን እጥፍ ያህል ይመዝን ነበር። የመጀመሪያውን አንድ ሰው ተሸክሞት ባቡር ሊወጣ፣ ከመቀመጫ ሥር ሊያስገባው ይችላል፤ ሁለተኛው ረዳት ይፈልጋል። ፍተሻ ባለበት መሥመር ላይ ደግሞ ለመደበቅ የሚመች ዕቃ የቱ እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

በቤት ውስጥ የመስኮቱን መጠን የወሰነው ዋናው ነገር ግን ቡፌው ነበር። ቡፌ ሲባል ያ ባለ መስተዋት፣ ሲኒና ብርጭቆ የሚደረደርበት፣ ከመካከሉ ለቴሌቪዥን ቀዳዳ የተተወለት የሳሎን ዕቃ ነው። ያንን ቀዳዳ የሚለካው አናጺው ነበር፤ እርሱም የሚለካው በገበያ ላይ ባየው ሣጥን ልክ ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ከአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓልና ከኢሠፓ ምሥረታ ጋር ተያይዞ ባለ ቀለም ሥርጭት ከተጀመረ በኋላ፣ 21 ኢንች የደኅና ሳሎን ምልክት እየሆነ ሄደ። የባለቤቲቱ እጅ ሥራ የሆነው ዳንቴል ከላይ ይለብሳል፤ ከጎኑ ስታቢላይዘር ይቀመጣል። በኋላ ሰፊውና ቀጭኑ መስኮት በመጣ ጊዜ በቀዳዳው አልገባ ብሎ ስንት ቡፌ በመጋዝ እንደ ተቆረጠ አናጺዎች ያውቁታል። ብዙ ቤት ውስጥ ቀዳዳው ዛሬም ባዶውን አለ፤ አበባ ተቀምጦበታል።

ያ 21 ኢንች በሳይንስ ሲመዘን መጥፎ ምርጫ አልነበረም። አገራችን የተጠቀመችበት ሥርዓት በ625 መሥመር የሚሠራ ሲሆን፣ በዓይን የሚታዩት 575 ያህሉ ናቸው። ጤነኛ ዓይን መሥመሮቹን ነጣጥሎ ማየት የሚያቆመው ከመስኮቱ ቁመት 6 እጥፍ ያህል ሲርቅ ነው። ይህም ለ21 ኢንች ወደ 1 ሜትር ከ90፣ ለ14 ኢንች ወደ 1 ሜትር ከ30 ይሆናል። 3 ሜትር በ4 ሜትር በሆነ ሳሎን ከግድግዳው የተደገፈ ተመልካች ከባለ 21 ኢንቹ ፊት በደኅና ርቀት ላይ ይውላል። የዛሬው 1,080 መሥመር ያለው መስኮት ይህን ርቀት በግማሽ ገደማ ስለሚያሳጥረው በዚያው ሳሎን ውስጥ ከፍ ያለ መጠን ያስፈቅዳል፤ ሻጩ ያለ ምክንያት አይደለም ትልቁን የሚያሞግሰው። በሙቀቱ ረገድ ግን የድሮው ሣጥን ዕዳ ነበረበት። አንድ የተቀመጠ ሰው ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል፤ ባለ 21 ኢንች ሣጥን ደግሞ ከ70 እስከ 90 ዋት ይወስድ ነበር። በሰኔ ሙቀት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን መክፈት አንድ ተጨማሪ እንግዳ እንደ ማስቀመጥ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሣጥኑ ሲመሽ በገመድ ማራዘሚያ ወደ በረንዳ ወይም ወደ ግቢ ይወጣ የነበረው በከንቱ አይደለም።

በግቢ ውስጥ ደግሞ ጎረቤት አለ። ከቀበሌ አዳራሽ ቴሌቪዥን አንሥቶ እስከ ቪዲዮ ቤቱ፣ ከዚያም የእንግሊዝ ኳስ እስከሚታይበት ዲ.ኤስ. ቲቪ ቤት ድረስ፣ መስኮቱ የብዙ ሰው ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ መጠን ሲመረጥ «ስንት ሰው ይመጣል?» የሚለው ስሌት ሳይነገር አብሮ ይገኝ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

አዲሱ ትንሽ መስኮት ይህን ስሌት ነው የገለበጠው። እ.ኤ.አ. በ2017 አማዞን ኤኮ ሾው የተባለውን ባለ 7 ኢንች መሣሪያ አወጣ። በ2018 ጉግል የራሱን 7 ኢንች አስከተለ። በ2019 አማዞን 5 ኢንች ተኩሉን፣ ጉግል ባለ 10 ኢንቹን ኔስት ሃብ ማክስ አቀረቡ። በ2021 በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባለ 15.6 ኢንች፣ በ2024 ደግሞ ባለ 21 ኢንች ኤኮ ሾው ወጣ። በ7 ዓመት ጊዜ ውስጥ አንዱ መሣሪያ ከራስጌ ሰዓት ተነሥቶ የአባቶቻችንን ቴሌቪዥን ቁጥር ያዘ። መጠኑ ለምን አደገ? መሣሪያው በመጀመሪያ የታሰበው ለአንድ ሰው፣ ያውም እጁ ሥራ ለያዘ ሰው ነበር። ሰውየው ይናገራል፤ ማሽኑ ይሰማል፤ መስኮቱ መልሱን ለማጀብ ብቻ ይበራል። እንዲህ ከሆነ 7 ኢንች ይበቃል።

በእኛ አገር ግን ነገሩ ከመነሻው ይሰናከላል። እነዚህ መሣሪያዎች ገበያ ላይ ሲወጡ አማርኛ አይሰሙም፤ ኦሮምኛም ሆነ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ አያውቁም ነበር። የድሬዳዋ ቤተሰብ ደግሞ ከእነዚህ ሁለቱን ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አቀላቅሎ የሚናገር ነው። የድሬ ሰው «አንቱ» ማለት ስለማይወድ ማሽኑን ለማዘዝ የአነጋገር ደንብ ባይቸግረውም፣ ቋንቋው ግን ይቸግረዋል። ድምፁ ካልሠራ ሥራው ሁሉ በጣትና በዓይን ላይ ይወድቃል። ጣት ከክንድ ርዝመት አያልፍም፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚነካ መስኮት ከ10 ኢንች ባያንስ ይመረጣል።

ስለ ዓይንም እንዲሁ ነው። አንድ ፊደል ያለ ችግር እንዲነበብ ቁመቱ ከንባቡ ርቀት 170ኛ እጅ ያህል እንዲሆን ይመከራል፤ ይህም በ2 ሜትር ተኩል ርቀት 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የላቲን ፊደል ልክ ነው። የእኛ ፊደል በቅጥያና በቀለበት፣ በእግር መታጠፍና ማጠር የሚለያይ ስለ ሆነ፣ በእኔ ግምት አንድ እጥፍ ተኩል ይፈልጋል። የመሥመሩ ክፍተት ሲጨመርበት የ7 ኢንች መስኮት፣ ቁመቱ 9 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነውና፣ ከሳሎን ማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሦስት የአማርኛ መሥመር እንኳ በወጉ አይዝም። ባለ 15.6 ኢንቹ ወደ ስድስት ይጠጋል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ሆነ ለመጻፍ የሚያግድ ነገር የለም፤ የቀረው የማንበብ ጉዳይ ነው።

መስኮቱ የሚሰቀልበት ከፍታም ከመጠኑ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። በከዚራ የባቡር ኩባንያው ዘመን ቤቶች ሰፊ በረንዳና ከፍ ያለ ጣራ ሲኖራቸው መቀመጫቸው ወንበር ነው፤ የተቀመጠው ሰው ዓይን ከወለል 1 ሜትር ከ15 ያህል ይርቃል። ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ስንገባ ግን ዐረቢያን መጅሊስ የተነጠፈባቸው ክፍሎች ይበዛሉ፤ ዓይን ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በጥንቱ የሐረር ቤት ደግሞ ነደባ የሚባሉት መደቦች እንደ ተቀማጩ ክብር ከፍና ዝቅ ብለው ስለሚሠሩ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ዓይን አንድ ከፍታ ላይ አይገናኝም። እንግዲህ ከኳስ ቤት በተቀዳ ልማድ መስኮትን ከጣራ ሥር መስቀል ለቆመ ሰው እንጂ መጅሊስ ላይ ጋደም ላለ ሰው የሚመች አይደለም። ለዚያ ክፍል ትንሽ ዝቅ ብሎ የተተከለ መካከለኛ መስኮት ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ትልቅ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ሌላ ነው። የጉግል የ2018 ባለ 7 ኢንች መሣሪያ ካሜራ አልነበረውም፤ ኩባንያው ይህን ያደረገው በመኝታ ቤት ጭምር እንዲቀመጥ ብሎ ነው። ባለ 10 ኢንቹ ግን ካሜራ ይዞ መጣ። አማዞን ደግሞ ከ5 ኢንች ተኩሉ ጀምሮ ካሜራውን የሚጋርድ መከለያ አበጀ። ስለዚህ መጠን የመረጠ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሳያውቅ ዓይንም አብሮ መርጧል። ማይክሮፎኑ በሁሉም ላይ አለ። የእንግዳ መቀበያውና የቤተሰቡ ጓዳ በመጋረጃም ሆነ በግቢ በሚለዩበት ቤት፣ ከውጭ ካለ ዘመድ በስጦታ የተላከ ባለ ካሜራ መስኮት ጓዳ ውስጥ መትከል መጋረጃውን ከማንሣት አይተናነስም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ማውጣትዋ መልካም ነው፤ ግን አዋጁ የትኛው መሣሪያ በየትኛው ክፍል ይቀመጥ ብሎ አይወስንም። ያ የቤቱ ባለቤት፣ በይበልጥም በጓዳው ውስጥ ውላ የምታድረው የቤቱ እመቤት ውሳኔ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሳትጠየቅ ይተከላል።

በእኔ አስተያየት ለድሬዳዋ ሳሎን ስማርት ዲስፕሌይ ጨርሶ የሚስማማ ዕቃ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚያይበት ቦታ ስለ ሆነ ቴሌቪዥኑ ይበልጠዋል። የሚጠቅመው ማዕድ ቤት ውስጥ ነው፤ ያውም ከ8 እስከ 10 ኢንች ያለው፣ ካሜራው የሚከደን፣ በክንድ ርቀት የሚቀመጥ ከሆነ። ይህንንም ስል መብራት ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ ሳልዘነጋ ነው፤ ኔስት ሃብም ሆነ ኤኮ ሾው እንደ ስልክ ባትሪ አልተበጀላቸውም። ከዚህም በላይ የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት ያላነሰ ስለሚወስድ፣ ከእርሱ ጋር በአንድ መሥመር የተያያዘ ስስ መሣሪያ ምጣዱ በበራ በጠፋ ቁጥር የቮልቴጅ መውደቅና መነሣት ይደርስበታል። ለመሣሪያው የተለየ መሥመርና ከጠረጴዛው በላይ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ሶኬት መተው ብዙ ወጪ የለውም። በፕላኖቻችን ላይ ግን ሳሎኑ ሁለት ሦስት የቴሌቪዥን ሶኬት ሲሣልለት፣ የማዕድ ቤቱ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ ለምጣድና ለማቀዝቀዣ ብቻ ነው የሚታሰበው።